አማቴ ክኒኑን ያገኙ ዕለት

ጥቅምት 2017 ላይ ነው። አማቴ ለገበያ ከገጠር ወደ ሞጣ መጥተው እኛ ቤት አደሩ። ጠዋት እኔ ቡና እቆላለሁ፣ ባለቤቴ ሥራ ሊሄድ ጫማውን ያስራል። አማቴ የነጠላቸው ጫፍ ተተርትሮ ኖሮ መርፌና ክር ፍለጋ መኝታ ቤት ገቡ። ሲወጡ በእጃቸው የያዙት ክር አልነበረም። የክኒን ፓኬት ነው፤ 28 ፍሬ፣ አብዛኛው ነጣ ያለ፣ የመጨረሻው ረድፍ ቡናማ። ግማሹ ተውጧል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

አማቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ያንን ፓኬት ግን አሳምረው ያውቁታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስተምሩ ሰምተዋል። ሌሎቹ ሁለት ምራቶቻቸው ሦስት ሦስት ከወለዱ በኋላ ወስደውታል። እኔ ግን አንድም ልጅ የለኝም።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ለጊዮርጊስ ስሳል፣ አንቺ በሩን ዘግተሽ ኖረሻላ!»

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስለ እንቁላል፣ ስለ ሆርሞን፣ ስለ ወር አበባ ለ40 ደቂቃ ያለ ማስታወሻ መናገር እችላለሁ። ያን ዕለት ግን አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ባለቤቴን አየሁት። እሱ ክኒኑ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ባሕር ዳር ሐኪሙ ሲያዝልኝ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ የጫማውን ክር ጨርሶ አሰረና ወጣ። ቡናው አረረ።

አማቴን አልወቅሳቸውም። ልጅ የሌላት ሴት መሳቢያ ውስጥ የእርግዝና መከላከያ ያገኘ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? የባለቤቴ ዝምታ ግን እስከዛሬ አንድ ቦታ ላይ ያመኛል።

በዚህ ቻናል ስለ ጦርነት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ስናነብ ነው የከረምነው። ዛሬ ስለ ወር አበባ ልጽፍ ነው። ወንዶች አንባቢዎች፣ አትሂዱ፤ በኋላ እናንተም ትመጣላችሁ።

የተወለድኩት ቢቸና ነው። የወር አበባዬ የመጣው ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው፤ መጣና ጠፋ። ከዚያ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ አንዳንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ጓደኞቼ «ታድለሽ!» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ሞዴስ መግዣ በሌለበት፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውኃ በማያውቅበት ጊዜ በየወሩ አለመቸገር ዕድል ይመስላል። እናቴም «ገና ልጅ ነሽ፣ ይስተካከላል» አለችኝ። እኔም አመንኩ።

ሌላው ግን አልተስተካከለም። አንገቴ ላይ፣ ልክ ማተቤ በሚያርፍበት ዙሪያ፣ ጥቁር ነገር መጣ፤ እድፍ ይመስላል፣ ሲነካ እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙናና በድንጋይ እስኪላጥ ድረስ ትፈትገኝ ነበር። አይለቅም። እድፍ ስላልሆነ ነው የማይለቀው፤ በደም ውስጥ ኢንሱሊን ሲበዛ ቆዳ ላይ የሚተወው ምልክት መሆኑን ያወቅኩት ከ15 ዓመት በኋላ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት አለቀሰች። ያን ያህል ዓመት የፈተገችኝ ለንጽሕና ብላ ነበርና።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አገጬ ላይ ፀጉር ወጣ። መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። የአባቴ እኅት፣ እቴቴ የምንላት፣ አንድ ቀን ጠርታ ወረንጦዋን ሰጠችኝ። እሾህ የምናወጣበትን ወረንጦ ማለቴ ነው፤ የእሷ አንገቷ ላይ በክር ታስሮ የሚውል ነው። «ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰው ሳይነሳ ንቀይው» አለችኝ። ለምን እሷ ጋ ወረንጦ እንዳለና ለምን ሰዓቱን ጠንቅቃ እንደምታውቅ ያኔ አልጠየቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው በፊት ያልተነሳሁበት ጠዋት የለም። ከዩኒቨርሲቲ ዶርም ትዝታዬ ዋናው ይኸው ነው፤ ስድስት ልጆች ተኝተው እኔ መስኮት ሥር በትንሽ መስታወት።

ስመረቅ መምህርት ሆንኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የ28 ቀን ዑደት እስላለሁ፤ በ14ኛው ቀን እንቁላል ትለቀቃለች፣ ባትዳብር በ28ኛው ቀን ደም ይፈስሳል። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ። የአስተማሪያቸው ዑደት 130 ቀን መሆኑን የሚያውቅ የለም።

በ2008 አግብቼ ወደ ሞጣ መጣሁ። መንገዱን ለምታውቁት፣ ከቢቸና ተነስቶ በደብረ ወርቅ አልፎ የሚመጣው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ሆድ ሆዴን ያያል። በሁለተኛው ዓመት ክርስትና ቤት ስጠራ ገንፎውን አቅርበውልኝ «ለአንቺም ያድርግልሽ» ይሉኛል። በሦስተኛው ዓመት ምርቃቱ ቀረና ሹክሹክታው ተተካ። ዩኒቨርሲቲ ሳለች መርፌ ትወጋ ነበር፣ መርፌው ማህፀኗን አድርቆት ነው ተባለ። መርፌ ተወግቼ አላውቅም። ይህን መናገር ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ማን ጠየቀሽ ይባላል።

እግረ መንገዴን ስለ መርፌው አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ትዳር ስለሚያበላሽ። በአገራችን ሴቶች አብዝተው የሚጠቀሙት መከላከያ የሦስት ወሩ መርፌ ነው። ወር አበባን ሊያጠፋ ይችላል፤ ካቆሙት በኋላም እርግዝና እስኪመጣ አንድ ዓመት ገደማ ሊዘገይ ይችላል። መካን ግን አያደርግም። ችግሩ ሌላ ነው። ድሮም ዑደቷ የተዛባ ሴት መርፌውን ስትወስድ የወር አበባዋ መቅረት በመርፌው ይሳበባል፤ መርፌውን ስታቆም ደግሞ ሳይመጣ የቀረው ሁሉ የመርፌው ጥፋት ይሆናል። በሽታው በመርፌው ጀርባ ተደብቆ ዓመታት ያልፋሉ።

ጠበል ተጠምቄያለሁ፤ አልነቅፈውም። እንደኔ ያሉ ሴቶችን መጀመሪያ ያገኘሁት እዚያ ተራ ስጠብቅ ነው። አንዷ «እኔም በዓመት ሁለቴ ነው የማየው» ስትለኝ እጇን ያዝኳት። ብቻዬን ነኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ ሕክምናው መጣ። ስሙን በማልጠራው አንድ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ተነሳሁና «ሲስት አለሽ፣ ብዙ ነው» ተባልኩ። ሌላ ማብራሪያ የለም፤ ወረቀት፣ ክፍያ፣ ቀጣይ። ሲስት ማለት በእኛ ቤት እጢ ማለት ነው፤ እጢ ደግሞ ይቆረጣል። አባቴ አንድ በሬ ሊሸጥ ተነሳ። እኔም ባዮሎጂ አስተማሪዋ ለሁለት ወር ያህል ሆዴ ውስጥ እጢ ተደርድሮ እንደሚያድግ እያሰብኩ ተኛሁ።

በ2014 ባሕር ዳር አንድ ሐኪም ጋ ደረስን። በሕይወቴ ስለዚህ ጉዳይ 20 ደቂቃ ሙሉ ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል አለ፤ በአጭሩ ፒሲኦኤስ። ስሙ ራሱ ሰው ያሳስታል። ሲስት የተባሉት እጢ አይደሉም፤ እድገት ጀምረው መሐል ላይ የቆሙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። በጤናማ ዑደት ብዙዎቹ ይጀምሩና አንዷ ቀድማ ጎልምሳ ትለቀቃለች። በእኔ ዓይነቷ ሴት ብዙዎቹ ይጀምራሉ፣ አንዷም ሳትጨርስ ትቀራለች። እንቁላል ካልተለቀቀች ወር አበባውም ቀኑን አይጠብቅም። ሁሉም ሴት ጥቂት ያላት የወንድ የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ከልኩ ይበዛል፤ ፀጉሩም ብጉሩም ከዚያ ነው። ብዙዎቻችን ላይ ከጀርባ ሆኖ የሚገፋው ኢንሱሊን ነው። ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመርታል፤ የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪን ይነካካል። አንገቴ ላይ ያለው ጥቁረት፣ የአገጬ ፀጉር፣ የ130 ቀኑ ዑደት አንድ ታሪክ ሆኑ። እንደዚያ ቀን እፎይ ብዬ አላውቅም።

በሽታው አዲስ አይደለም። ስታይን እና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች በ1935 እ.ኤ.አ. ሰባት ሴቶችን መርምረው ጽፈውታል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት እንዳላወቁት ይገምታል። እኔ የማስተምርበት አንድ ክፍል ውስጥ 30 ሴቶች ካሉ ሦስቱ ወይም አራቱ መሆናቸው ነው። በአማርኛ ግን ስም የለውም። ስም የሌለው በሽታ የያዛት ሴት ደግሞ ራሷ ስም ይወጣላታል፤ መካን፣ ወንዳወንድ፣ ወፍራም፣ ክፉ መንፈስ ያለባት።

የሚገርመው መድኃኒቶቹም የራሳቸው ስም የላቸውም። ወደ ክኒኑ ልመለስ። ሐኪሙ ያዘዘልኝ የእርግዝና መከላከያውን ነው። ወር አበባ ለወራት ካልመጣ የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ሳይታጠብ እየወፈረ ይሄዳል፤ ለዓመታት እንዲሁ ከተተወ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ይጨምራል። ክኒኑ ሽፋኑን በየወሩ ያስወርዳል፣ የበዛውን ሆርሞን ያወርዳል፣ ፀጉሩን ቀስ እያለ ያሳሳል። «ሦስት ወር ሙሉ ካልመጣ ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ ብትወልጂም ባትወልጂም» አለኝ። የመጨረሻዋን ሐረግ ደግሞ ደጋግሞ ተናገራት።

ሁለተኛው ሜትፎርሚን ነው፤ ሰውነት ኢንሱሊንን እንዲሰማ የሚረዳ። ሞጣ መድኃኒት ቤት ስገዛ ያየችኝ ጎረቤቴ በሳምንቱ «ስኳር ይዞሻል አሉ፣ አይዞሽ» ብላ ልትጠይቀኝ መጣች። ሦስተኛው ሌትሮዞል የሚባለው፣ እንቁላሏ እንድትጎለምስ የሚረዳው ነው። ልጅ ለምትፈልግ የፒሲኦኤስ ታማሚ ዛሬ በዓለም አቀፍ መመሪያ መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። የተሠራው ግን ለጡት ካንሰር ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ማዘዣዬን ሁለቴ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኅቴ፣ መቼ ነው የታወቀልሽ?» አለኝ።

እንግዲህ ቁጠሩት። በአንድ መሳቢያ ውስጥ ልጅ የማትፈልግ ሴት ክኒን፣ የስኳር ታማሚ ክኒን፣ የካንሰር ታማሚ ክኒን አለ። የኔን ስም የያዘ አንድም የለም። ማንም መሳቢያውን ቢከፍት ስለኔ የሚያነበው ስህተት ነው። አማቴም ያነበቡት እሱን ነው።

ሌትሮዞሉን በ2015 ሁለት ዙር ወሰድኩ። ባሕር ዳር እየተመላለስኩ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ በሁለተኛው ዙር እንቁላሏ ጎልምሳ ተለቅቃ ነበር። አላረገዝኩም፣ ግን ሐኪሙ «መንገዱ ተከፍቷል» አለኝ። ሦስተኛውን ለክረምቱ ቀጠርነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ምሥራቅ ጎጃም ላለ ሰው አልተርክም። መንገድ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ኢንተርኔት ለወራት የለም። መድኃኒት ቤት ስትገባ ባለቤቱ መደርደሪያውን በእጁ ያሳይሃል። በጥይት የቆሰለ ሰው ደም እየፈሰሰው ሆስፒታል መድረስ ባቃተበት ጊዜ እኔ ስለ እንቁላል መከታተያ ላወራ ነው? አላወራሁም። ግን ያኔ 33 ዓመቴ ነበር፤ ዕድሜ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ይህች አገር የምትቆጥረው የሞተና የቆሰለ ብቻ ነው። ያልተወለደ ልጅና የተሰረዘ ቀጠሮ መዝገብ ላይ አይገባም።

ሰባት ወር ወር አበባ ሳላይ ቆየሁና ስመጣ ለ20 ቀን ደማሁ። ክፍል ቆሜ ሳስተምር ሰሌዳው ዞረብኝ። ያኔ ነው ሞጣ ያለች አንዲት ወጣት ጤና ባለሙያ ጋ የሄድኩት። ማህፀኔን ሳትጠይቅ በፊት «እንቅልፍ ይወስድሻል?» አለችኝ። አየኋት። «የሚያስደስትሽ ነገር ደስ ማለቱን ያቆመው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። ለአንድ ሰዓት ያህል አለቀስኩ። የታካሚ ሰልፍ ውጭ ቆሟል፣ እሷ በሩን ዘጋችው። ከቢቸና እስከ ባሕር ዳር ስንት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ስንቴ እንደተገናኘን፣ የመጨረሻ ወር አበባዬ መቼ እንደነበረ ተጠይቄያለሁ። እንዴት ነሽ ያለኝ ግን አልነበረም። ወደ ክኒኑ የመለሰችኝም እሷ ናት፤ መንገዱ እስኪከፈት ማህፀንሽ ይጠበቅ ብላ። አማቴ ያገኙት ያንን ክኒን ነው።

በኋላ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሳነብ የልጅቷ ጥያቄ ከራሷ ደግነት ብቻ የመነጨ እንዳልሆነ ገባኝ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ ማንኛዋም የዚህ በሽታ ታማሚ ስለ ድባቴና ስለ ጭንቀት መጠየቅ አለባት ይላል። የደም ስኳርና የደም ግፊት እንደሚለካው ሁሉ። ለዚህ በሽታ ታማሚዎች ብቻ የተዘጋጀ፣ የኑሮን ጥራት የሚለካ መጠይቅም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስለ አምስት ነገር ይጠይቃል፤ ስሜት፣ የሰውነት ፀጉር፣ ክብደት፣ መውለድ አለመቻል፣ የወር አበባ ችግር። አንድ ምሽት ብቻዬን ተቀምጬ ለራሴ በአማርኛ እየተረጎምኩ ሞላሁት። የገረመኝ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘሁት መውለድ ላይ አለመሆኑ ነው። ፀጉሩ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ልጅ ሲያዝንልኝ በየማለዳው ያስነሳኝ የነበረው ግን ፀጉሩ ነው፤ ስለ እሱ ያዘነልኝ ከእቴቴ በቀር የለም።

ስለ ክብደት ደግሞ ሁለት ቃል። በእኛ አገር ሴት ስትወፍር «አማረብሽ፣ ተመችቶሻል» ትባላለች፤ ሐኪም ጋ ስትሄድ «ቀንሺ» ትባላለች። ሁለቱም አይጠቅማትም። ቢቀንስ ለብዙዎች ይረዳል፣ እውነት ነው፤ ጥቂት ኪሎም ብትሆን። ነገር ግን ኢንሱሊኑ ራሱ ክብደቱን ይጨምራል፣ ቀጫጭን ሴቶችም ይህ በሽታ አለባቸው። ከውጭ የተቀዳውን የሳልመንና የአቮካዶ ዝርዝር ስልኬ ላይ ሳየው እስቃለሁ። የእነማይ ጤፍ በልታ ላደገች ሰው የሚሆነው ምክር ቀላል ነው፤ እንጀራው ይነስ፣ ምስሩና ጎመኑ ይብዛ፣ ሻይ ውስጥ ያለው ስኳር ይቅር፣ በእግር ይኬድ። መመሪያውም ከሌላው የሚበልጥ ልዩ የምግብ ዓይነት የለም ነው የሚለው።

አሁን የምጠይቀውን ልናገር። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፈት ደስ ብሎኛል፤ በመንግሥት ሆስፒታል ያ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የፒሲኦኤስ ታማሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ መድረስ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ሁሉ ርካሽ ነው። መከላከያ ክኒኑ በየጤና ጣቢያው በነፃ አለ። ሜትፎርሚን ለስኳር ታማሚ ተብሎ ይመጣል። የደም ስኳርና ግፊት መለኪያ ወረዳው ውስጥ አለ። የጎደለው «የወር አበባሽ በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል?» የሚል ሰው ነው። ጥያቄው ደግሞ ለሴቲቱ መቅረብ ያለበት ስታገባና መውለድ ሲያቅታት መሆን የለበትም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቀረች። በሙቀት ነጠላዋን እስከ አፏ ድረስ ተከናንባለች። ለምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ገባኝ። በዓመት ሁለቴ ነው ያለችኝ። እናቷ ወስዳት አንድ ጤና ተቋም ሄደው «ስታገቢ ይስተካከላል» ተብላለች። በ16 ዓመቷ! የትዳር ዕድሜ 18 ነው ብለን ሕግ አውጥተን፣ ትዳርን ለልጅ በመድኃኒትነት እናዛለን። ክኒኑን እንድትወስድ ብትታዘዝስ? የሚሰጠው የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ቢገኝ ምን እንደምትባል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ያገባሁ የ34 ዓመት ሴት ሆኜ መልስ አጥቼ ቆሜያለሁ። ይህን ክኒን ለሕክምና የሚወስዱ ሴቶች መኖራቸውን ጤና ኤክስቴንሽኗ በምትዞርበት ቤት ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ያቺ ልጅ ነጠላዋን ታወርዳለች።

ወንዶችን ትመጣላችሁ ብያችኋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወቱ የመውለድ ችግር እንደሚገጥመው ይናገራል። ሰው ነው ያለው፣ ሴት አላለም። እኔ ደሜ፣ ማህፀኔ፣ ሆርሞኔ ሁሉ ሲመረመር ባለቤቴ ለዘጠኝ ዓመት አንድ ብልቃጥ ላይ አልተመረመረም። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልጠየቀም። ከዚያ ከጥቅምቱ ጠዋት በኋላ ለ11 ቀን አልተነጋገርንም። በ12ኛው ቀን ገጠር ሄደ። እናቱ ጋ ቁጭ ብሎ ክኒኑ ሐኪም ያዘዘው እንደሆነ፣ እሱ እንደሚያውቅ፣ ያን ዕለት ዝም ያለው ስላፈረ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ራሱ ሄዶ ተመረመረ። ውጤቱ የእሱ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

አማቴ በታኅሣሥ መጡ። እንቁላልና ማር ይዘው ነው የመጡት። ስለ ክኒኑ አላነሱም። ሲሄዱ ብቻ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ያ መድኃኒት ጠዋት ነው ማታ የሚዋጠው?» አሉኝ። «ማታ ነው እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያው እኔ ስመጣ በመሳቢያ አትደብቂው» አሉ።

ለጥምቀት መንገዱ ተከፍቶ ቢቸና ወረድኩ። እቴቴ ጓሮ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በደርግ ጊዜ ወር አበባ ሳታይ ተድራ፣ በሰባት ዓመቷ «አትወልድም» ተብላ ከነሳጥኗ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ሌላ አላገባችም። ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህ በሽታ በቤተሰብ ይወርዳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ስኳርን ይጠራል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሙን፣ ከረጢቶቹን፣ ኢንሱሊኑን፣ የአንገቱን ጥቁረት። አንገቷን በእጇ ዳበሰች። ወረንጦው አሁንም እዚያው አለ።

«እና ለእኔ ያኔ ይኼ ክኒን ነበር?» አለችኝ።

የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ኢትዮጵያ ውስጥ የተመሠረተው እሷ ልጅ ሳለች ነው።

«አዲስ አበባ ነበር» አልኳት።

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ከምስሩ አንድ ጠጠር አውጥታ ወረወረችና መልቀሟን ቀጠለች።